ስልክና ላፕቶፕን ያለ ኢንተርኔት አንድ ማድረግ፦ የሲንክቲንግ አጫጫንና አያያዝ

ደሴ ፒያሳ አካባቢ የጽሕፈትና የኮፒ ሥራ እሠራለሁ። ማርክ የሚሞላ መምህር ይመጣል። ጥናቱን የሚያስጠርዝ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ይመጣል። የዕቃ ዝርዝሩን በኤክሴል የያዘ ነጋዴም ይመጣል። ጥያቄያቸው ግን አንድ ነው። «ስልኬ ላይ ያስተካከልኩት ላፕቶፔ ላይ የለም፤ ላፕቶፔ ላይ ያለው ደግሞ ፍላሼ ላይ የለም። ዳታ ሳይበላብኝ እንዴት አንድ ላድርገው?»

አብሽሩ፣ ይቻላል። ሲንክቲንግ የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ። አንድ ፎልደር ትመርጣላችሁ። ያ ፎልደር በስልካችሁም በላፕቶፓችሁም ላይ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ሆኖ ይቆያል። ፋይሉ በቀጥታ ከአንዱ ወደ ሌላው በዋይፋይ ይሄዳል። መሃል ላይ ዕቃችሁን የሚያስቀምጥ ኩባንያ የለም። ስለዚህ ኢንተርኔት ባይኖርም ይሠራል።

ከዚህ የሚከተል ነገር አለ፤ ብዙ ሰው ስለሚስተው አሁኑኑ ልንገራችሁ። ሁለቱም መሣሪያዎች በአንድ ጊዜ በርተው መገኘት አለባቸው። ላፕቶፑ ተዘግቶ ቦርሳ ውስጥ ከሆነ ስልኩ ከማን ይቀበላል?

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ዊንዶውስ 10 ወይም 11 ያለው ላፕቶፕ። ሊኑክስም ይሆናል።
- አንድሮይድ ስልክ። አይፎን አፖች ከጀርባ ሆነው እንደልብ እንዲሠሩ ስለማይፈቅድ እዚህ አላካተትኩትም።
- ሁለቱን የሚያገናኝ ዋይፋይ። የስልክ ሆትስፖት ይበቃል። ወርሃዊ ክፍያው የተቋረጠ የዋይፋይ ሳጥን ቤት ካላችሁ እሱም ይሠራል።
- ፕሮግራሞቹን ለማውረድ አንድ ጊዜ ብቻ ኢንተርኔት።
- በሁለቱም ላይ ባዶ ቦታ። ከምታመሳስሉት ፋይል መጠን እጥፍ ቢሆን ጥሩ ነው፤ የድሮ ቅጂዎች ቦታ ይይዛሉ።
- ለመጠባበቂያ ብቻ የሚቀመጥ ሃርድ ዲስክ ወይም ፍላሽ።

አሠራሩ

1. ከሁሉ በፊት ኮፒ ያዙ። የምታመሳስሉትን ሁሉ ወደ መጠባበቂያው ሃርድ ዲስክ ገልብጡና ንቀሉት። የመጀመሪያው ቀን ስህተት የሚበዛበት ቀን ነው። አንድ ሰው ፎልደር አሳስቶ ቢመርጥ ወይም ቢያጠፋ፣ የተነቀለውን ዲስክ ምንም አይነካውም።

2. ሰዓትና ቀን አስተካክሉ። በሁለቱም ላይ ቀኑ፣ ሰዓቱና የአዲስ አበባ የሰዓት ክልል ትክክል ይሁኑ። አንድ ፋይል በሁለቱም ላይ ተለውጦ ከተገኘ፣ ፕሮግራሙ የትኛው በኋላ እንደተጻፈ የሚለየው በሰዓቱ ነው። ባትሪው የደከመ አሮጌ ላፕቶፕ መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ቀኑ ወደ ኋላ ይመለሳል። ያኔ ዛሬ የሞላችሁትን ማርክ አሮጌ ነው ብሎ ወደ ጎን ያደርገዋል። እንዲህ የሚያደርግ ላፕቶፕ ካላችሁ ውስጡ ያለችውን ክብ ባትሪ አስቀይሩ።

3. ላፕቶፑ ላይ ጫኑ። ሲንክቲንግ ዶት ኔት (syncthing.net) ከሚለው ድረ ገጽ አውርዱ። ከሌላ ቦታ አታውርዱ፤ በፍላሽ የሚዞር ኮፒም አትቀበሉ። ለዊንዶውስ በኢንስቶለር መልክ የተዘጋጀውን ምረጡ። ጥሬው ዚፕ ኮምፒውተሩ ሲከፈት አብሮ አይነሣም። እናንተም መክፈቱን ትረሳላችሁ፤ ሥራው ሳይመሳሰል ይቀራል።

ሲነሣ ብራውዘር ውስጥ 127.0.0.1:8384 በሚል አድራሻ ይከፈታል። ይህ አድራሻ የራሳችሁ ኮምፒውተር ነው፤ ዳታ አይቆጥርም። ዊንዶውስ በፋየርዎል በኩል ፈቃድ ሲጠይቅ «ፕራይቬት ኔትወርክ» የሚለው ላይ ምልክት አድርጋችሁ ፍቀዱ። ካልፈቀዳችሁ ስልኩ ላፕቶፑን አያገኘውም። ላፕቶፑን ሌላ ሰውም የሚጠቀምበት ከሆነ በ«ሴቲንግስ» ውስጥ የመግቢያ ስምና ፓስወርድ አስገቡለት።

4. ስልኩ ላይ ጫኑ። ዋናዎቹ አዘጋጆች የራሳቸውን የአንድሮይድ አፕ በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. አካባቢ አቁመዋል። አሁን የሚሠራው «ሲንክቲንግ-ፎርክ» (Syncthing-Fork) የሚባለው ነው። ኤፍ-ድሮይድ (F-Droid) ከሚባለው የአፕ ማከማቻ ታገኙታላችሁ። ሲከፈት ሁለት ፈቃድ ይጠይቃል። አንዱ ፋይሎችን ለማየት ነው። ሌላው ከባትሪ ቁጠባ ነፃ እንዲሆን ነው። ሁለተኛውን ብዙ ሰው ይከለክለዋል፤ ከዚያ ስክሪኑ ሲጠፋ አፑም ይሞታል። ቴክኖ፣ ኢንፊኒክስና ሳምሰንግ ላይ ደግሞ የስልኩ አምራች የጨመረው ሌላ ቆጣቢ አለ። እዚያም ገብታችሁ አፑን ነፃ አውጡት።

5. ዳታ የሚበላበትን መንገድ ዝጉ። ላፕቶፑ ላይ «ሴቲንግስ»፣ ከዚያ «ኮኔክሽንስ» ግቡ፤ ስልኩ ላይ ደግሞ በአፑ ሴቲንግስ ውስጥ እነዚህኑ ፈልጉ። «ግሎባል ዲስከቨሪ»፣ «ኢኔብል ሪሌይንግ» እና «ናት ትራቨርሳል» የሚሉትን አጥፉ። «ሎካል ዲስከቨሪ» ግን እንደበራ ይቆይ። ያጠፋችኋቸው ሦስቱ መሣሪያዎቹ ተራርቀው በኢንተርኔት ሲገናኙ የሚያገለግሉ ናቸው። ክፍት ከሆኑ ስልኩ በሞባይል ዳታ ላይ እያለም ላፕቶፑን ፍለጋ ሊወጣ ይችላል። ሎካል ዲስከቨሪ በአንድ ዋይፋይ ላይ ያሉትን ብቻ ያገናኛል። የማይቋረጥ ኢንተርኔት በሁለቱም ቦታ ያለው ሰው ይህን እርምጃ ሊዘለው ይችላል።

6. በአንድ ዋይፋይ ላይ አገናኟቸው። ብዙዎቻችሁ የምትጠቀሙት የራሳችሁን ስልክ ሆትስፖት ስለሆነ በእሱ ልጀምር።

መጀመሪያ የስልኩን ሞባይል ዳታ አጥፉ። ከዚያ ሆትስፖት አብሩና ላፕቶፑን አገናኙ። ዳታው ክፍት ከሆነ ዊንዶውስ አጋጣሚውን አይቶ ማሻሻያ ማውረድ ይጀምራል፤ ጥቅሉ እዚያው ያልቃል። ሲንክቲንግ በላብኝ ብለው የሚመጡ ሰዎች ላይ ደጋግሜ ያየሁት ይህንን ነው። ላፕቶፑ ላይ የዋይፋዩን ዝርዝር ከፍታችሁ ኔትወርኩን «ፕራይቬት» አድርጉ፤ «ሚተርድ ኮኔክሽን» የሚለውንም አብሩ።

አሁን አንድ እንቅፋት ይገጥማችኋል። አፑ ሲጫን ዋይፋይ ሲኖር ብቻ እንዲሠራ ሆኖ ነው። ስልኩ ራሱ ሆትስፖት ሲሆን ደግሞ ዋይፋይ የለኝም ብሎ ያስባል፤ አፑም ይቆማል። አፑ ውስጥ ሁኔታ ሳይጠብቅ እንዲነሣ የሚያስገድድ «ፎርስ ስታርት» የሚል ምርጫ አለ። እሱን ተጫኑ። ስትጨርሱ ወደ ነበረበት መልሱት፤ ካልመለሳችሁት ቀኑን ሙሉ እየሠራ ባትሪ ይጨርሳል። ይህ ካስቸገራችሁ የቤተሰብ ሌላ ስልክ ሆትስፖት ይሁንና ስልካችሁንም ላፕቶፓችሁንም ከእሱ ጋር አገናኙ። ከሁሉ የሚቀለው ይህ ነው።

የካፌና የሆቴል ዋይፋይ ላይ ላይሠራ ይችላል። ብዙዎቹ ደንበኛ ከደንበኛ ጋር እንዳይገናኝ ተደርገው የተዘጉ ናቸው።

7. አስተዋውቋቸው። ላፕቶፑ ላይ «አክሽንስ»፣ ቀጥሎ «ሾው አይዲ» በሉ። በካሬ የተሣለ ኮድ ይወጣል። ስልኩ ላይ መሣሪያ መጨመሪያውን ከፍታችሁ ኮዱን በካሜራ አንሡት። በእጅ እጽፈዋለሁ አትበሉ፤ 56 ፊደልና ቁጥር ነው። ከአንድ ደቂቃ በኋላ ላፕቶፑ ላይ «ይህ ስልክ ሊገናኝ ይፈልጋል» የሚል መልእክት ይመጣል። ፍቀዱ። ሁለቱም ወገን ካልፈቀደ ግንኙነት የለም። ሰው መለያ ቁጥራችሁን አየ ብላችሁ አትሥጉ፤ ቁጥሩን ብቻ ይዞ ወደ ፋይላችሁ መግባት አይችልም።

8. ፎልደር ምረጡ። አንድ አዲስ ፎልደር ክፈቱ። ለምሳሌ «የ2018 ማርክ» በሉት። ላፕቶፑ ላይ «አድ ፎልደር» ብላችሁ እሱን ጠቁሙ። «ሼሪንግ» በሚለው ውስጥ ስልኩ ላይ ምልክት አድርጉ። ስልኩ ጥያቄ ሲያቀርብላችሁ ተቀበሉ፤ ማስቀመጫውን ከስልኩ ውስጣዊ ሚሞሪ ላይ አድርጉት። ሚሞሪ ካርድ ላይ አንድሮይድ አፖች እንደልብ እንዲጽፉ ስለማይፈቅድ ችግር ያበዛል።

«ዶክመንትስ»ን እንዳለ ወይም ዴስክቶፑን በሙሉ አትምረጡ። በትንሽ ጀምሩ። ጠባዩን ካወቃችሁ በኋላ ትጨምራላችሁ።

በአማርኛ ስም ለምትሰጡ ሁለት ነገር ልጨምር፤ እነዚህን ሌላ ቦታ ብዙም አታገኟቸውም። አንደኛ፣ ስልክ ላይ በቃላት መካከል ሁለት ነጥብ የምታስገቡ ሰዎች አላችሁ። ከእንግሊዝኛው ኪቦርድ የምትመጣዋን : ዊንዶውስ በፋይል ስም ውስጥ አይቀበላትም። ፋይሉ ስልኩ ላይ ይቀራል፤ «አውት ኦፍ ሲንክ» ይላል። በእሷ ፈንታ ባዶ ቦታ ወይም ሰረዝ ተጠቀሙ። ሁለተኛ፣ ረጅም ስም አትስጡ። አንድሮይድ ለአንድ የፋይል ስም 255 ባይት ብቻ ይሰጣል፤ አንድ የግዕዝ ፊደል ደግሞ 3 ባይት ይይዛል። ስለዚህ ጣሪያው 85 ፊደል ነው ማለት ነው። ዊንዶውስ ግን 200 ፊደልም ቢሆን ይቀበላል። የጥናቱን ሙሉ ርዕስ የፋይል ስም ያደረገ ተማሪ ሥራው ስልኩ ላይ የማይመጣለት በዚህ ምክንያት ነው። ፕሮግራሙም አንዳንዴ በስሙ ላይ ቀንና ሰዓት ስለሚጨምር ከ50 ፊደል አትለፉ።

9. የድሮ ቅጂ ማስቀመጫውን ክፈቱ። ይህን እርምጃ እባካችሁ አትዝለሉት። በፎልደሩ ቅንብር ውስጥ «ፋይል ቨርዥኒንግ» አለ። ሲጫን ዝግ ነው። «ስታገርድ» የሚለውን ምረጡ። ይህ የመጀመሪያውን አንድ ወር በየቀኑ አንድ፣ ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ አንድ የድሮ ቅጂ ያስቀምጣል።

በሁለቱም መሣሪያዎች ላይ ክፈቱት። ምክንያቱ ይህ ነው። ቅጂው የሚቀመጠው ለውጡን በተቀበለው በኩል ነው። ስልኩ ላይ ፋይል ብታጠፉ የተጠፋው ፋይል የሚገኘው ላፕቶፑ ውስጥ ነው። ላፕቶፑ ላይ ብታጠፉ ደግሞ ስልኩ ውስጥ ነው። አንዱ ላይ ብቻ ከከፈታችሁ ግማሹ አደጋ ክፍት ነው።

10. ሞክሩ። «ሙከራ» የሚል ፋይል ጻፉና ወደ ሌላው ሲደርስ እዩ። ከዚያ ስልኩ ላይ አጥፉት። ላፕቶፑም ላይ እስኪጠፋ ጠብቁ። አሁን ላፕቶፑ ላይ ፎልደሩን ከፍታችሁ «ቨርዥንስ» በሚለው በኩል መልሱት። ይህን በባዶ ፋይል አንድ ጊዜ የሠራ ሰው የእውነቱ ቀን ሲመጣ እጁ አይንቀጠቀጥም።

ፎቶን በተመለከተ

ለብቻው ያወጣሁት ብዙ ሰው የሚጎዳበት ስለሆነ ነው። እኔም የእህቴን ሠርግ ፎቶ በዚሁ አጥቼ ነበር። ስልኬ ሞላብኝ። ላፕቶፑ ላይ አለ ብዬ ከስልኩ አጠፋሁት። ማታ ላፕቶፑን ስከፍት እዚያም የለም። የድሮ ቅጂ ማስቀመጫው ክፍት ባይሆን ኖሮ አንድም አላገኝም ነበር።

ፕሮግራሙ የታዘዘውን ነው ያደረገው። ሁለቱን አንድ አድርግ ተብሏል። ማጥፋትም እንደ መጨመር ሁሉ ለውጥ ነው፤ ይተላለፋል። ስለዚህ የካሜራውን ፎልደር ስታመሳስሉ እንዲህ አድርጉ።

ስልኩ ላይ የፎልደሩን ዓይነት «ሰንድ ኦንሊ» አድርጉት፤ መላክ ብቻ ማለት ነው። ላፕቶፑ ላይ የሚደረግ ነገር የስልካችሁን ፎቶ አይነካውም። ላፕቶፑ ላይ ደግሞ የደረሱትን ፎቶዎች ከሚመሳሰለው ፎልደር ውጭ ወዳለ ሌላ ፎልደር ገልብጡ። መገልበጡን በዓይናችሁ ካያችሁ በኋላ ብቻ ከስልኩ አጥፉ። ቅደም ተከተሉን አታገላብጡት።

ደሴና ኮምቦልቻ ለሚመላለሱ

ኮምቦልቻ ሱቅ ያላቸው፣ ደሴ የሚያድሩ ሰዎች የሱቁንና የቤቱን ኮምፒውተር አንድ ማድረግ ይፈልጋሉ። ሁለቱ ኮምፒውተሮች በቀጥታ መገናኘት አያስፈልጋቸውም። ስልኩ በመካከል ይመላለስ።

አንዱን ፎልደር ከሱቁ ኮምፒውተር ለስልኩ አጋሩ። ያንኑ ፎልደር ከስልኩ ለቤቱ ኮምፒውተር አጋሩ። ማታ ሱቅ ስትዘጉ የቀኑ ሥራ ወደ ስልኩ ይገባል። የሐረጎን ዳገት ወጥታችሁ ቤት ስትደርሱ ከስልኩ ወደ ቤቱ ኮምፒውተር ይገባል። ጠዋት ደግሞ በተቃራኒው። ሐይቅ ከተማ እያስተማረ ደሴ የሚኖር መምህርም በዚሁ መንገድ ይሠራል።

ግን ከመውጣታችሁ በፊት በአረንጓዴ የተጻፈውን «አፕ ቱ ዴት» እዩ። ያን ሳታዩ ከወጣችሁ የቀኑ ሥራ ሱቁ ውስጥ ቀርቷል። ይህን የሚረሳ ሰው ቀጥሎ ያለው ችግር ይገጥመዋል።

ሁለት ዓይነት ፋይል ሲመጣ

ሳይመሳሰል በሁለቱም ቦታ አንዱን ፋይል ካስተካከላችሁ ፕሮግራሙ ሁለቱን አይቀላቅልም። አንዱን በስሙ ይተወዋል። በሰዓቱ ቀደም ያለውን ደግሞ በስሙ ላይ «ሲንክ-ኮንፍሊክት» የሚል ቃል፣ ቀንና ሰዓት ጨምሮ ያስቀምጠዋል። ቀኑ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ እንዳያደናግራችሁ።

ይህን ፋይል ያየ ሰው ቆሻሻ መስሎት ያጠፋዋል። አታጥፉት። ውስጡ ሌላኛው ቦታ ላይ የሠራችሁት ሥራ አለ። ሁለቱን ጎን ለጎን ክፈቱ። የጎደለውን ወደ ዋናው አስገቡ። የተማሪዎቹን ብዛትና ድምሩን አመሳክሩ። ከዚያ በኋላ አጥፉት።

ማስጠንቀቂያ

ማመሳሰል መጠባበቂያ አይደለም። ቫይረስ ፋይሎቹን ቢያበላሽ የተበላሹት ይተላለፋሉ። ልጅ ነክቶ ቢያጠፋ መጥፋቱ ይተላለፋል። መጠባበቂያ ማለት ተነቅሎ መሳቢያ ውስጥ ያለው ሃርድ ዲስክ ነው።

ፒችትሪ ወይም ሌላ የሂሳብ ፕሮግራም የሚሠራበትን ፎልደር በቀጥታ አታመሳስሉ። እነዚህ በአንድ ጊዜ ብዙ ፋይል እየከፈቱ ይጽፋሉ። ግማሹ ደርሶ ግማሹ ሲቀር ሂሳቡ አይከፈትም። ከፕሮግራሙ ውስጥ «ባክአፕ» አውጡና ያንን አንድ ፋይል ብቻ ወደሚመሳሰለው ፎልደር አስገቡ።

«ፎልደር ማርከር ሚሲንግ» ወይም «ፎልደር ፓዝ ሚሲንግ» የሚል ስህተት ካያችሁ እጃችሁን ሰብስቡ። የመጀመሪያው ፕሮግራሙ ፎልደሩ ውስጥ ያስቀመጠው .stfolder የሚባል ምልክት የለም ማለት ነው፤ ሁለተኛው ፎልደሩ ራሱ ከነበረበት ቦታ የለም ማለት ነው። ምልክቱ በስህተት ጠፍቶ፣ ሃርድ ዲስኩ ተነቅሎ ወይም ፎልደሩ ስሙ ተቀይሮ ሊሆን ይችላል። ፕሮግራሙ የቆመው ሁሉም ጠፍቷል ብሎ ሌላውም ላይ እንዳያጠፋ ነው። ምክንያቱን ሳታውቁ እንዲቀጥል አታስገድዱት።

ሌሎች የተለመዱ ስህተቶች

- ኤክሴል ክፍት ትቶ መጠበቅ። ዊንዶውስ የተከፈተን ፋይል ይቆልፋል። ከስልክ የመጣው አዲሱ ሊገባ አይችልም። ዝጉትና ጠብቁ። ኤክሴልና ዎርድ የሚፈጥሯቸው ጊዜያዊ ፋይሎች እንዳይተላለፉም በ«ኢግኖር ፓተርንስ» ውስጥ ~$* ብላችሁ ጻፉ። ይህ ዝርዝር ከመሣሪያ ወደ መሣሪያ አይተላለፍም፤ በሁለቱም ላይ ጻፉት።
- መብራት ሲጠፋ መደንገጥ። እየተቀበለ ያለውን ፋይል መጀመሪያ በጊዜያዊ ስም ነው የሚጽፈው። ሙሉ ሲሆን ነው በቦታው የሚተካው። መብራት ሲመጣ ካቆመበት ይቀጥላል። ስማቸው በነጥብ ወይም በ~ የሚጀምር እንግዳ ፋይሎች ካያችሁ አትንኳቸው።
- ዲስክ መሙላት። ከዲስኩ 1 በመቶ በታች ሲቀር መቀበሉን ያቆማል። ቦታ ስታስለቅቁ በራሱ ይቀጥላል።
- ስልኩ «ዲስኮኔክትድ» ብሎ መቅረት። ሦስት ነገር በቅደም ተከተል እዩ። ሁለቱ በአንድ ዋይፋይ ላይ ናቸው? ዊንዶውስ ኔትወርኩን «ፐብሊክ» ብሎታል? የስልኩ አፕ በባትሪ ቆጣቢ ተዘግቷል? ሦስቱም ደህና ከሆኑ ሁለቱንም ዘግታችሁ ክፈቱና አንድ ደቂቃ ጠብቁ።

ሳምንታዊ አያያዝ

አንድ ቀን ምረጡ። እኔ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አደርገዋለሁ፤ አሥር ደቂቃ አይፈጅም። በሁለቱም ላይ «አፕ ቱ ዴት» መሆኑን አያለሁ። «ኮንፍሊክት» ብዬ ፈልጌ ያለውን አስተካክላለሁ። ሃርድ ዲስኩን ሰክቼ ፎልደሩን በቀኑ ስም እገለብጣለሁ፤ ያለፉትን አራት እተውና ከዚያ የቆየውን አጠፋለሁ። ነቅዬ መሳቢያ ውስጥ እመልሰዋለሁ። በወር አንድ ጊዜ የስልኩን ባዶ ቦታ አያለሁ። የድሮ ቅጂዎቹ ከበዙ በቅንብሩ ውስጥ የሚቆዩበትን ጊዜ አሳጥራለሁ።

ስልክ ሲጠፋ ወይም ሲቀየር

ስልክ ከጠፋ ላፕቶፑ ላይ ያንን መሣሪያ «ሪሙቭ» በሉት። ከዚያ በኋላ የምትጽፉት አይደርሰውም። አስቀድሞ የደረሰው ግን ስልኩ ውስጥ አለ። ስለዚህ የስክሪን ቁልፍ ሳታደርጉ የተማሪ ማርክም ሆነ የደንበኛ ዕዳ በስልክ አትያዙ።

አዲስ ስልክ ስትገዙ ወይም ላፕቶፑን ፎርማት ስታደርጉ አዲስ መለያ ቁጥር ይወጣል። የድሮውን አስወግዱና ከእርምጃ 7 ጀምራችሁ እንደገና አስተዋውቁ። ፋይሎቹን ከሃርድ ዲስኩ ወደ አዲሱ ፎልደር አስቀድማችሁ ብትገለብጧቸው ጥሩ ነው። ፕሮግራሙ ያሉትን ያመሳክራል፤ የጎደለውን ብቻ ያመጣል። በሆትስፖት ሙሉ ሌሊት ከመጠበቅ ያድናችኋል።